“የለበትም” ስንል ምን ማለታችን ነው? ጽሑፎችን በብዙ ታክሶኖሚዎች ስለ ማጣራት የቀረበ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ከሥራ ውላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የታክሲ ሰልፍ ታግሣችሁ እዚህ ስለ ተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም በሚሠሩ ድረ ገጾች ላይ ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ በብዙ ታክሶኖሚዎች ማጣራት ነው። ታክሶኖሚ ማለት ጽሑፎችን በአንድ ወገን ለመመደብ እንደ ምልክት የምናደርግባቸው ቃላት ስብስብ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ በፕለጊን፣ ማለትም በዎርድፕረስ ላይ በሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ታከናውናላችሁ፤ ከፊሎቻችሁም ኮዱን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። በሁለቱም መንገድ ብትሠሩት ከመጀመራችሁ በፊት እንድታስቡበት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ማጣሪያ ለአንባቢ የምንሰጠው ቃል ነው። አንድ ሰው ሦስት ሳጥኖች ላይ ምልክት አድርጎ “አሳየኝ” የሚለውን ሲጫን፣ የምናወጣለት ዝርዝር “እነዚህ የጠየቅኸውን ያሟላሉ” የሚል ምስክርነት ነው። ምስክርነቱ እውነት ነው ወይ? ዛሬ የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው፤ ደጋግሜም እጠይቃችኋለሁ።

ነገሬን በሦስት ነጥቦች እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው ታክሶኖሚ ምን እንደ ሆነና በዳታቤዝ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው “እና”፣ “ወይም” እና “የለበትም” የሚሉት ሦስት ቃላት ናቸው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሦስተኛው የራሳችን ፊደልና አጻጻፍ የሚያመጣብን ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የምጠቀመው ለዓመታት የሠራሁበትን የአገራችንን ምግቦች አሠራር የሚያስተምር ድረ ገጽ ነው፤ የማውቀውም የተማርሁበትም እርሱ ነውና።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አገለግል ነበር። አንድ ቀን ስለ ንብ እርባታ የሚናገር አዲስ መጽሐፍ መጣና የት ላስቀምጠው ብዬ ቆምሁ። ከግብርና ጋር ይሄዳል፤ ከእንስሳት ጋርም ይሄዳል፤ ግማሹ ስለ ማርና ስለ ሰም ንግድ ስለሚያወራ ከንግድ መጻሕፍትም ጋር ይሄዳል። ኃላፊዋ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ መጽሐፉ አንድ ስለ ሆነ አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ካርዱን ግን ሦስት ጊዜ ጻፈውና በሦስቱም መሳቢያ አስገባው” አሉኝ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ዛሬም እንጀራዬ ሆኖ ይኖራል። የመደርደሪያው ሕግና የካርዱ ሕግ የተለያዩ ናቸው። መደርደሪያ አንድ ቦታ ብቻ ይሰጣል፤ ካርድ ግን አንድን ነገር የቻልነውን ያህል በብዙ ወገን እንድናየው ያስችላል።

አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የአስርዮሽ ምደባ በዋናነት የመደርደሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፤ መጽሐፉ የት ይቁም ይላል። ሕንዳዊው ራንጋናታን ደግሞ ከሒሳብ መምህርነት ወደ ማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከተዛወረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1933 ሌላ መንገድ አሳተመ። አንድን ርእሰ ጉዳይ በአንድ ረጅም ዛፍ ላይ ከመስቀል ይልቅ፣ ምንነቱን፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደሚደረግበት፣ የት እንደ ሆነና መቼ እንደ ሆነ እያለያዩ መጠየቅ፣ ከዚያም መልሶቹን ማጋጠም ነው መንገዱ። ዛሬ በድረ ገጽ ጎን ላይ የምናያቸው የማጣሪያ ሳጥኖች ሁሉ በዚህ አስተሳሰብ የሚሄዱ ናቸው። ሽሮን “የጾም” ብሎ መጥራት፣ “ከሽምብራ የሚሠራ” ብሎ መጥራትና “የምሳ” ብሎ መጥራት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን መመለስ ነው። ሦስቱን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ካደባለቃችኋቸው በኋላ ምንም ዓይነት ፕለጊን አይለይላችሁም።

በዎርድፕረስ ውስጥ የካርዱ መሳቢያ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ቁጥር 2.3 እትም ታግን፣ ማለትም በጽሑፍ ላይ የሚለጠፍ የመለያ ቃልን፣ ሲያመጣ ዛሬም የምንሠራባቸውን ሦስት ሠንጠረዦች አብሮ አመጣ። አንደኛው የቃላቱን ስም ይይዛል፤ ሁለተኛው ቃሉ የየትኛው ታክሶኖሚ እንደ ሆነ ይይዛል፤ ሦስተኛው የትኛው ጽሑፍ ከየትኛው ቃል ጋር እንደ ተያያዘ ይመዘግባል። ሦስተኛውን ሠንጠረዥ ከፍታችሁ ብታዩት በእያንዳንዱ መስመር የምታገኙት በዋናነት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ የጽሑፉ ቁጥርና የቃሉ ቁጥር። ይህ ሠንጠረዥ ያለውን ግንኙነት እንጂ የሌለውን እንደማይመዘግብ አደራ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው 3.0 ተዋረድ ያላቸውን፣ ማለትም አንዱ ቃል በሌላው ሥር የሚገባባቸውን፣ የራሳችንን ታክሶኖሚዎች እንድንፈጥር አስቻለን። በ2011 የወጣው 3.1 “ታክስ ኩዌሪ” የሚባለውን አመጣና ብዙ ታክሶኖሚዎችን በአንድ ጥያቄ ማገናኘት ተቻለ። በ2014 መጨረሻ የወጣው 4.1 ደግሞ አንዱን ጥያቄ በሌላው ውስጥ እንደ ቅንፍ እንድናስገባ ፈቀደልን። ፕለጊን ከመጫናችሁ በፊት ይህን እወቁ፤ ሥርዓቱ በራሱ የሚችለው ብዙ ነው። ታክሶኖሚዎቻችሁን በትክክል ካስመዘገባችሁ፣ በአድራሻው መስመር ላይ የሁለት ታክሶኖሚ ቃላትን በአንድነት ስትጽፉ ዎርድፕረስ ያለ ምንም ፕለጊን ሁለቱንም የሚያሟሉትን ጽሑፎች ያወጣላችኋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

አንዲት አንባቢ ገጻችን ላይ ገብታ ከመጀመሪያው ሳጥን “የጾም”ን፣ ከሁለተኛው “ምስር”ንና “ሽምብራ”ን፣ ከሦስተኛው “ምሳ”ን መረጠች እንበል። ምን ማለቷ ነው? የጾም ሆኖ፣ ለምሳ የሚሆንና ከምስር ወይም ከሽምብራ የሚሠራ ነገር እየፈለገች ነው። ምስርንም ሽምብራንም በአንድ ድስት የሚጨምር ምግብ እየፈለገች ነው ብሎ የሚገምት ብዙ ሰው አይመስለኝም። በቋንቋችን “ምስርና ሽምብራ አሳዪኝ” ስንል በአፋችን ያለው “እና” ነው፤ በሐሳባችን ያለው ግን ብዙ ጊዜ “ወይም” ነው። ባለሱቁን “ብርቱካንና ሙዝ የት አለ?” ብትሉት ሁለቱ የተቀላቀሉበትን ሣጥን አይፈልግላችሁም። ኮምፒዩተሩ ግን ቃሉን እንደ ተጻፈ ነው የሚወስደው። ስለዚህ የምሄድበት ደንብ ይህ ነው፤ በአንድ ታክሶኖሚ ውስጥ በተመረጡ ቃላት መካከል “ወይም”፣ በታክሶኖሚና በታክሶኖሚ መካከል “እና”። የታክስ ኩዌሪ ነባር አሠራርም ይኸው ነው፤ እኛ ካልቀየርነው በቀር በቃላቱ መካከል “ኢን” የሚለውን፣ ማለትም “ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ያለው” የሚለውን፣ በጥያቄዎቹ መካከል “እና”ን ይጠቀማል። ብዙ ፕለጊኖች ይህን እንድትቀይሩ ምርጫ ያቀርባሉ፤ ምርጫው በማስተካከያ ገጹ ላይ ስላለ ብቻ እንዳትነኩት እለምናችኋለሁ።

ደንቡ ልዩ ሁኔታ የለውም ወይ? አለው። ቤቷ ያለው ጎመንና ድንች ብቻ የሆነች ሴት ሁለቱንም የሚጠቀም ምግብ ትፈልጋለች፤ እዚያ በአንድ ታክሶኖሚ ውስጥም “እና” ያስፈልጋል። ይህን ስትፈቅዱ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ታክሶኖሚው ተዋረድ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ “ጥራጥሬ” ወላጅ ሆኖ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ከሥሩ ካሉ፣ ሥርዓቱ በነባር አሠራሩ ወላጁን ስትጠይቁት ልጆቹንም ጨምሮ ይፈልጋል። ለ“ወይም” ይህ መልካም ነው፤ ጥራጥሬን የመረጠ ሰው የምስር ወጥንም ያገኛል። ለ“እና” ግን ጥያቄው “ጥራጥሬ የሚል ምልክት ያለው፣ ምስርም፣ ሽምብራም፣ አተርም፣ ባቄላም ያለበት” ወደሚል ይለወጥና ገጹ ባዶ ይወጣል። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሁለት ቀን ሙሉ ዳታቤዙ ተበላሽቷል ብሎ ሲለፋ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው “ኢንክሉድ ችልድረን”፣ ማለትም “ልጆቹንም ጨምር”፣ የሚለውን እዚያ ጥያቄ ላይ መዝጋት ነው። ዎርድፕረስ ራሱ ለካቴጎሪ በሠራው የ“እና” ጥያቄ ውስጥ እንዲሁ ዘግቶታል።

“የለበትም” ወደሚለው ቃል ደርሻለሁ። እባካችሁ እዚህ ላይ አብራችሁኝ ቆዩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው የምግብ ድረ ገጽ ላይ “ለውዝ የሌለባቸውን ብቻ አሳይ” የሚል ሳጥን ጨመርሁ። ግብዓቶችን የሚይዝ ታክሶኖሚ ነበረን፤ ስለዚህ “ኖት ኢን” በሚለው ለውዝ የሚል ምልክት ያላቸውን አስወጣሁ። ሞከርሁት፤ የለውዝ ሻይ ከዝርዝሩ ጠፋ፤ ደስ አለኝ፤ ሥራዬን ዘጋሁ። ከወራት በኋላ አንዲት እናት ጻፉልን። ልጃቸው ለውዝ ከቀመሰ ትንፋሹ የሚዘጋ ሕፃን ነው። የጾም የሆነና ለውዝ የሌለበትን መርጠው ካወጣንላቸው ዝርዝር መካከል አንድ የገብስ ቆሎ ነበረ። እኚህ እናት ጥንቁቅ ስለ ሆኑ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ከታች በኩል “ከወደዳችሁ ሱፍና ለውዝ ጨምሩበት” ይላል። ልጁ ምንም አልሆነም። ደብዳቤያቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ “ሌላ እናት እንዳታምናችሁ ፈርቼ ነው የጻፍሁት” ነው ያሉት። ያን ዓረፍተ ነገር ያነበብሁበትን ጠዋት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምን ነበር የሆነው? ኮዱ አልተሳሳተም። “ኖት ኢን” የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “በሦስተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ይህን ጽሑፍ ከዚህ ቃል ጋር የሚያገናኝ መስመር አለ ወይ?” መስመር ከሌለ ጽሑፉ ያልፋል። የቆሎውን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ግብዓት ላይ “ገብስ” ብቻ መርጦ ነበር፤ ለውዙን እንደ ማጣፈጫ ቆጥሮት ሳይመርጠው ቀረ። አስቀድሜ ልብ በሉልኝ ያልሁት ይህንን ነው፤ ሠንጠረዡ ያለውን እንጂ የሌለውን አይመዘግብም። ተመርምሮ ለውዝ የሌለበት ሆኖ የተገኘ ምግብና ማንም ያልመረመረው ምግብ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ፍጹም አንድ ናቸው። እኔ ደግሞ ሁለቱን አንድ አድርጌ “የለበትም” የሚል ርእስ ሰጠኋቸው። ምስክርነቱ እውነት ነበረ ወይ? አልነበረም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንዳንድ ሰው “ኤግዚስትስ” የሚለውን መፍትሔ አድርጎ ያቀርባል፤ በ4.1 የመጣ ሲሆን ጽሑፉ በዚያ ታክሶኖሚ ውስጥ ቢያንስ አንድ ምልክት እንዲኖረው ያስገድዳል። ከ“ኖት ኢን” ጋር ስታጣምሩት ጨርሶ ምልክት ያልተደረገባቸው ጽሑፎች ከዝርዝሩ ይወገዳሉ። ይጠቅማል፤ ግን አይበቃም። የቆሎው ጽሑፍ “ገብስ” የሚል ምልክት ነበረውና “ኤግዚስትስ”ንም ያልፍ ነበር። እኔ የደረስሁበት መንገድ ይህ ነው፤ አደጋ ሊያስከትል ለሚችል ለእያንዳንዱ ነገር አዎንታዊ ምልክት ፍጠሩለት። “ለውዝ አለበት” የሚል ቃል ይኑር፤ “ለውዝ እንደሌለበት ተረጋግጧል” የሚል ሌላ ቃልም ይኑር፤ ሁለቱም የሌለው ጽሑፍ ያልተመረመረ ነው ማለት ነው። አንባቢው ለውዝ የሌለበትን ሲጠይቅ “ኖት ኢን”ን ተዉትና ሁለተኛውን ቃል በ“ኢን” ፈልጉ። በዚህ አሠራር ዝርዝሩ ያጥራል፤ በእኛም ዘንድ በጣም አጥሮ ነበር። ይጠር! የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ላይ አጭርና እውነተኛ ዝርዝር ከረጅምና ከማይታመን ዝርዝር ይሻላል። ያልተመረመሩትንም ለብቻቸው፣ “ያልተረጋገጡ” በሚል ርእስ ሥር ማሳየት ይቻላል።

ይህ ማለት “ኖት ኢን” አይጠቅምም ማለት አይደለም። ስለ ዓሣ ልንገራችሁ። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው በቤተሰብ መካከል እንኳ ልዩነት ያለበት ጉዳይ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ በእኛ ቤት እናቴ በዐቢይ ጾም ዓሣ አይቀምሱም ነበር፤ አጎቴ ግን ይበሉ ነበር። በድረ ገጹ መጀመሪያ ላይ የዓሣ ጉላሽን “የጾም” ውስጥ አስገባነው፤ የተቃወሙን ብዙዎች ነበሩ። አወጣነው፤ ሌሎች ተቃወሙን። በኋላ እንደ ተረዳሁት ስሕተቱ የእኛን ፍርድ በምልክቱ ውስጥ መቅበራችን ነበር። ዓሣን ራሱን የቻለ ቃል አደረግነውና ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበትን ሁሉ በአንድ ቃል ያዝነው፤ “ዓሣ አይጨመር” የሚል አንድ ሳጥን ለአንባቢው ተውንለት። እዚህ ላይ “ኖት ኢን” ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ምክንያቱም የዓሣ ምግብን አዘጋጅቶ ዓሣ የሚለውን ምልክት የሚረሳ የለም፤ ዓሣው ምግቡ ራሱ ነውና። ለውዙ ግን ተጨማሪ ነበር፤ ተጨማሪ ይረሳል። “የለበትም” የሚል ሳጥን ከመሥራታችሁ በፊት ይህ ነገር ሊረሳ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ነጥብ አጠር ያለ ነው፤ ነገር ግን የእኛው የራሳችን ነው። “ጾም” በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፤ “ፆም” ተብሎ በፀሐዩ ፀም ይጻፋል። አንባቢ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ዳታቤዙ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይይዛቸዋል። ሁለት አዘጋጆች ባሉበት ገጽ ላይ ግማሹ ምግብ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ሥር ይሰበሰባል፤ ከዚያ ማጣሪያው “የጾም እና ሽምብራ” ሲባል ከሚገባው ግማሹን ብቻ ያወጣል፤ ማንም ደግሞ የጎደለውን አያይም። “ዓሣ” እና “አሳ”፣ “ሽምብራ” እና “ሽንብራ”ም እንዲሁ ናቸው። አንድን ነገር አንዱ “ለውዝ”፣ ሌላው “ኦቾሎኒ” ብሎ የሚጠራበት ጊዜም አለ፤ ይኼኛው በለውዙ ጉዳይ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እናንተው አስቡት።

ለዚህ የማውቀው ቀላል መድኃኒት፣ ለማጣሪያ የሚያገለግሉ ታክሶኖሚዎችን ሁሉ፣ ወላጅና ልጅ ባይኖራቸውም እንኳ፣ ተዋረድ ያላቸው አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ተዋረድ የሌለው ታክሶኖሚ ለአዘጋጁ ባዶ መጻፊያ ይሰጠዋል፤ እርሱም በለመደው ፊደል ይጽፋል። ተዋረድ ያለው ግን የተዘጋጁ ቃላትን ከነሳጥናቸው ስለሚያቀርብለት ምልክት ያደርጋል እንጂ አይጽፍም። አዲስ ቃል የመጨመር ፈቃድም ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ።

ስለ ስለግም፣ ማለትም ቃሉ በድረ ገጹ አድራሻ ውስጥ ስለሚጻፍበት ስም፣ አንድ ቃል ልበል። አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደላት ማስቀመጫ ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲጻፍ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚተካ ፊደሉ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ለስለግ የሚፈቅደው 200 ምልክት ነው። አስሉት፤ 22 ፊደል ላይ ያልቃል። “ለውዝ እንደሌለበት የተረጋገጠ የጾም ምግብ” የሚል ቃል ብትፈጥሩ በቃላቱ መካከል ካሉት ሰረዞች ጋር ከ200 ስለሚያልፍ የስለጉ መጨረሻ ይቆረጣል። ስለዚህ ስለጉን አጭር አድርጋችሁ በእጃችሁ ጻፉት፤ በኮድ ውስጥ ደግሞ ቃሉን በስሙ ወይም በስለጉ ከመፈለግ ይልቅ በቁጥሩ ፈልጉት።

ስለ ፍጥነት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። በ“እና” የሚጨመር እያንዳንዱ ታክሶኖሚ በዳታቤዙ ጥያቄ ላይ አንድ ተጨማሪ የሠንጠረዥ ማገናኘት ይጨምራል። ጥቂት መቶ ጽሑፎች ላሉት ገጽ ይህ አያስጨንቅም፤ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩት ግን ያስጨንቃል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ የሚጠየቁትን ውጤቶች ለተወሰነ ሰዓት አስቀምጦ ማቅረብ ይረዳል። ከዚያ በላይ በዚህ ምሽት አልገባበትም፤ ቀርፋፋ መልስ ያማርራል፤ ሐሰተኛ መልስ ግን ሰው ይጎዳል፤ ጊዜያችንን ለሁለተኛው እንስጠው።

አሁን ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ። በየጠረጴዛው ላይ ባለው ፍላሽ ውስጥ የሙከራ ድረ ገጹ አለ፤ ምግቦቹም ምልክቶቻቸውም ሆን ብዬ ሳላስተካክላቸው እንዳሉ ናቸው። የመጀመሪያው ሥራችን ማጣሪያ መሥራት አይደለም። ከለውዝ ሁለቱ ምልክቶች አንዳቸውም የሌላቸውን ጽሑፎች በሙሉ አውጡና ቁጥራቸውን ሰሌዳው ላይ ጻፉልኝ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው መስመር እያነበብን ምልክት እናደርግባቸዋለን።